ኧረ ይህን አፈር ንኩልኝ!

ኅዳር ሚካኤል ታጥኖ አልፎ፣ የሰፈሩ ጭስ ገና ከልብሳችን ሳይለቅ፣ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ስሙንስ ማን ያውቀው ነበር? ከኤርታ አሌ አቅራቢያ ዝም ብሎ የኖረ፣ በተጻፈ ታሪክ አንድም ጊዜ ፈነዳ ያልተባለለት ተራራ፣ አመዱን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ወርውሮ ቀይ ባሕርን አሻገረው። የመን ገባ፣ ኦማን ገባ፣ ሕንድ ድረስ ሄዶ በረራ አሰረዘ። እኛም ስልካችን ላይ አፍጥጠን የጭሱን ዓምድ ስንቀባበል ሰነበትን። ሁሉም ሰው ሰማይ ሰማዩን ሲያይ እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ይህ ሁሉ አመድ መሬት ካረፈ በኋላ ምን ይሆናል?

አፋር ላይ ያረፈው ብዙም አይሆንም። ዝናብ የለማ! ነፋስ ይጠርገዋል፣ አሸዋ ይለብሰዋል፣ የአፍዴራን ግጦሽ አልብሶ አርብቶ አደሩን ያስጨንቃል፣ በቃ። ያው አመድ ግን ጉም በማይለየው ተራራ ላይ፣ ቅጠሉ ረግፎ በሚበሰብስበት ደን ውስጥ ቢያርፍና ጊዜ ቢሰጠው፣ የሚወጣው ነገር... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ አፈር ነው፤ ካወቅሁት ወዲህ ለያዝኩት ሰው ሁሉ ሳላወራ አልቀርም፤ ቤተሰቦቼ ወሬ ስጀምር ቡና ለማፍላት መነሣት ጀምረዋል።

የአፈር ሊቃውንት አንዶሶል ይሉታል። ከዓለም የብስ መሬት 1 ከመቶ ገደማ ቢሸፍን ነው። በዓለም አፈር ውስጥ ካለው ካርቦን ግን 5 ከመቶ የሚጠጋውን የያዘው እሱ ነው። አንዷ እጅ አምስት እጅ! ጃፓን፣ ኢንዶኔዥያ፣ ኒው ዚላንድ፣ የአንዲስ ተራሮች፣ ኪሊማንጃሮ... እና ሰሜን ተራሮች። አዎ፣ የእኛው ሰሜን።

ከሳንቃ በር ወደ ግጭ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው የአስታውን ጫካ ያስታውሰዋል። ከቅርንጫፉ ላይ ግራጫ ሽበት የተንዠረገገበት፣ ጉሙ ሲገባ እርስ በርስ የማያስተያይ ጫካ ነው። እዚያ መንገዱ ዳገቱን ቆርጦ ባለፈበት ቦታ ላይ የአፈሩ ግድግዳ ፊት ለፊት ይታያል፤ ከላይ ሥር የተሞላ ጥቁር፣ ወደ ታች ሲወርድ ቡናማ፣ ከሥር ድንጋይ። ሁሉም ሰው ወደ ገደሉ ሲሮጥ እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። አብሮን የነበረው ስካውት ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ፣

«ምን ጠፋብዎ፣ ጋሼ?» አለኝ።

«አፈሩን እያየሁ ነው።»

«እሱማ አፈር እኮ ነው! ዋልያው በወዲያ ነው ያለ።»

ልክ ነው፣ አፈር ነው። ግን ንኩት! በጣት ቆንጥራችሁ ስታነሡት የሚፈርስ፣ ደረቅ ቢጤ ይመስላል። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ድንገት ይሸነፋል፤ ከየት መጣ የማይባል ውሃ ይወጣውና ጣቶቻችሁ መካከል ሙልጭልጭ ይላል፣ ይንሸራተታል። ማሸቱን ስታቆሙ መልሶ ይይዛል። ውሃው ከሰማይ አልመጣም፤ እዚያው በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ታሽጎ የነበረ ነው፤ ጭንቀቱ ሲበዛበት ለቀቀው። እርጥብ የማይመስል አፈር ውሃ ሲተፋ ማየት! እኔ ደጋግሜ አሸሁት፤ ስካውቱ ተስፋ ቆርጦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ጥቁር አፈር ሲባል እኛ የምናውቀው መረሬን ነው፤ ሲዘንብ ጫማ የሚነጥቅ፣ ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚከፍት፣ በሬ የሚያስለፋ አፈር። የተራራው ጥቁር አፈር የሚመስለው በቀለም ብቻ ነው። መረሬ ከባድ ነው፣ ይህ ቀላል። መረሬ ይጣበቃል፣ ይህ ይፈረፈራል። መረሬ ውሃ ሲጠግብ ቀዳዳውን ዘግቶ ከላይ ያጎርፋል፤ ይህኛው ደግሞ ጫካው ሥር እስካለ ድረስ የዘነበበትን ይውጣል፣ ይውጣል፣ ይውጣል። ቅለቱ ራሱ መለያው ነው። የተለመደ የእርሻ አፈር አንድ ሊትር የሚያህለው ደርቆ ሲመዘን ከ1.2 እስከ 1.4 ኪሎ ይመጣል። ይህኛው በመስፈርቱ መሠረት ከ0.9 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ ደን ውስጥ ያለው ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እናቶቻችን ጥጡን ነድፈው ባዘቶ ሲያደርጉት፣ ክብደቱ ሳይጨምር ሙዳዩን ይሞላ የለ? ይህም ተነድፎ የተቀመጠ አፈር ነው። ከመጠኑ ከ70 ከመቶ የሚበልጠው ክፍት ቦታ ነው፤ ውሃና አየር እየተፈራረቁ የሚኖሩበት።

ማን ነደፈው? እዚህ ላይ ነው እኔ ጤናዬን ያጣሁት።

የእሳተ ገሞራ አመድ ከምድጃ የሚጠረገው ዓይነት አመድ አይደለም። የደቀቀ ብርጭቆ ነው። የቀለጠው ድንጋይ ሲፈነዳ ወደ ቀዝቃዛው አየር ይበተንና በቅጽበት ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያሉት አቶሞች ተሰልፈው ክሪስታል ለመሥራት ፋታ አያገኙም። እንደተበተኑ ይደርቃሉ። ሥርዓት የሌለው ነገር ደግሞ ለዝናብ ቀላል ነው፦ የደን ብስባሽ ያኮመጠጠው ውሃ ብርጭቆውን ከክሪስታል ድንጋይ በጣም ፈጥኖ ያሟሟዋል። አሉሚኒየምና ሲሊካ በብዛት ይለቀቃሉ። በጣም በብዛት፣ በጣም ቶሎ! አዲስ የሚሠራው ማዕድንም እንደ አባቱ ተጣድፎ ይሠራል፤ ተሰልፎ ሳይጨርስ ይረጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል በአገራችን፤ እዚህ ግን የችኮላው ውጤት ከተረጋጋው ሥራ ሁሉ በለጠ።

ያ ማዕድን አሎፌን ይባላል። ስትሮማየርና ሃውስማን የተባሉ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1816 ነው ስሙን ያወጡለት፤ ቅርጹ ግን እስኪታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ጠበቀ። ቅርጹ ምን ሆኖ ተገኘ? ውስጡ ባዶ የሆነ ሉል! ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3.5 እስከ 5 ናኖሜትር፤ ግድግዳው አንድ ናኖሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ውሃ ሾልኮ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በአንዲት ፀጉር ስፋት ላይ 16,000 አሎፌን ትሰልፋላችሁ። ይህ ሁሉ ደቃቅ ሉል ውጪውም ውስጡም ገጽ ስለሆነ፣ አንድ ግራም አሎፌን ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አለው። 10 ግራም ማለት አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ነው። ቁጥሩን ደጋግሜ አሰላሁት፤ ሜዳው አልጠበበም።

ገና ነው! እ.ኤ.አ. በ1962 ዮሺናጋና አኦሚኔ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ኪዩሹ ደሴት ላይ፣ የአገሩ ሰው ኢሞጎ ከሚለው የአመድ አፈር ውስጥ ሌላ ነገር አገኙ። ቱቦ። ውጪው 2 ናኖሜትር፣ ቀዳዳው 1 ናኖሜትር የሆነ፣ ከስፋቱ ብዙ መቶ ጊዜ የሚረዝም ቱቦ። ኢሞጎላይት አሉት። የካርቦን ናኖ ቱቦ ዓለምን ያነጋገረው ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ካስተዋወቀው በኋላ ነው፤ የአፈሩ ቱቦ በ29 ዓመት ይቀድመዋል። ማንም ሳይሠራው፣ ያለ ምድጃ፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ ዝናብና አመድ ጫካ ሥር ሲሠሩት የኖሩ ናኖ ቱቦ! ስለዚህ ነገር ትምህርት ቤት ለምን አልነገሩንም? እኛ የተማርነው አሸዋ፣ ደለል፣ ሸክላ፤ በቃ፣ ደወል ተደወለ።

በዓይኔ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። አንዲት የአፈር ባለሙያ ወዳጅ አለችኝ፤ የእኔን ወሬ መስማት ሲሰለቻት «ና፣ ላሳይህ» ብላ ጠራችኝ። ፌኖልፍታሊን ነክሮ ያደረቀችው ነጭ ማጣሪያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከደጋ ያመጣችውን ጥቁር አፈር በቢላዋ ጫፍ ቆንጥራ ወረቀቱ መሐል አደረገች፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ከከተማ ዳር የመጣ ተራ ቀይ አፈር። ከዚያ ሶዲየም ፍሎራይድ የሟሟበትን ውሃ ጠብ፣ ጠብ አደረገችባቸው። «ዓይንህን አትንቀል» አለችኝ። የቀዩ አፈር ወረቀት ነጭ እንደሆነ ቀረ። በጥቁሩ አፈር ዙሪያ ግን ቀጭን ሐምራዊ ክብ ወጣች፤ ክቧ ሰፋች፣ ቀላች፣ ወረቀቱን ወረሰችው። እኔ ጮህኩ። እሷ ሳቀች።

የሆነው ይህ ነው፦ ፍሎራይዱ እነዚያ ያልተጠናቀቁ ማዕድናት ገጽ ላይ ያለውን አሉሚኒየም ሲያገኝ ሃይድሮክሳይዱን አባሮ ቦታውን ይይዛል፤ የተባረረው ሃይድሮክሳይድ ውሃው ውስጥ ይገባና ፒኤቹን ከ9.5 በላይ ያወጣዋል፤ ወረቀቱም ይቀላል። አሉሚኒየሙ በክሪስታል ውስጥ የተቆለፈበት ተራ አፈር ይህን ያህል የሚለቀው ነገር የለውም። ዘዴውን ፊልድስና ፔሮት የተባሉ የኒው ዚላንድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ነው ያወጡት። ኖራ የበዛበት አፈርም ወረቀቱን ያቀላዋልና ፈተናው ብቻውን አይበቃም፤ ፍሎራይዱም መርዝ ስለሆነ ቤታችሁ አትሞክሩት። ግን አንድ ተራ የአፈር ቁንጣሪ እኔ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ ብሎ ሲቀላ ማየት፣ ካላያችሁት አይነገርም።

አሁን ወደ ሃዋይ ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የሃዋይ ደሴቶች በተራ የተወለዱ ናቸው። የምድር ውስጥ እሳቱ ባለበት ሲቆይ ከላዩ ያለው የውቅያኖስ ወለል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ደቡብ ምሥራቅ ዳር ያለችው ትልቋ ደሴት ዛሬም እሳት ትተፋለች፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ በተሄደ ቁጥር ግን ደሴቱ እያረጀ ይሄዳል። ተመራማሪዎች ይህን ሰልፍ አዩና የሚያስቀና ነገር አሰቡ። ከፍታቸው 1,200 ሜትር ገደማ፣ ዝናባቸው በዓመት 2,500 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ደናቸው ኦሂያ በሚባል አንድ ዛፍ የተያዘ ቦታዎችን ከደሴት ደሴት መረጡ። ሙቀቱ ያው፣ ዝናቡ ያው፣ ዛፉ ያው፣ መነሻው የእሳተ ገሞራ ውጤት። የሚለያዩት በዕድሜ ብቻ! ታናሹ 300 ዓመት፣ ታላቁ 4.1 ሚሊዮን ዓመት። አንድ አፈር ከሕፃንነት እስከ እርጅና ምን እንደሚሆን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል አሰልፈው ጠየቁት።

እ.ኤ.አ. በ1997 ማርጋሬት ቶርንና ባልደረቦቿ ኔቸር መጽሔት ላይ መልሱን አወጡ። አመዱ መሟሟት ሲጀምር እነዚያ ሥርዓት የለሽ ማዕድናት እየበዙ ይሄዳሉ፤ 150,000 ዓመት አካባቢ ከፍተኛው ላይ ይደርሳሉ። የአፈሩ ካርቦንም አብሯቸው ይወጣል፣ እኩል እኩል። ከዚያ ጊዜው ሲረዝም ማዕድናቱ ቀስ ብለው ይሰለፋሉ፤ ክሪስታል ይሆናሉ። ያኔ ካርቦኑ ይወርዳል፤ በ4.1 ሚሊዮን ዓመቱ ቦታ ከነበረበት ግማሽ ያህሉ የለም። ይታያችሁ! ዛፉ አልተለወጠ፣ ዝናቡ አልቀነሰ፤ ካርቦኑን ይዞት የነበረው ያ ያልተጠናቀቀው፣ የተዘበራረቀው ነገር ነው። የበሰበሰው ቅጠል ከአሉሚኒየሙ ጋር ይቆራኛል፣ በሉሎቹ መካከል ይሸሸጋል፤ ባክቴሪያ ሊበላው ቢፈልግ አይደርስበትም። እዚያ አፈር ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት የቆየ ካርቦን አለ። ደን ካርቦን ይይዛል ስንል ዓይናችን ግንዱ ላይ ነው፤ ትልቁ ጎተራ ከሥሩ ነበር።

ከሃዋይ ሳልወጣ አንድ ልጨምር፤ እንዳያመልጠኝ። በጣም ባረጀው ደሴት ላይ ፎስፈረሱ በዝናብ ታጥቦ አልቋል፤ ድንጋዩ የሚሰጠው የለውም። ታዲያ ደኑ ምን በልቶ ይኖራል? እነ ኦሊቨር ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ ከመካከለኛው እስያ ተነሥቶ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በአየር ተጉዞ በሚያርፍ አቧራ! በረሃ ላይ የተነሣ አቧራ ውቅያኖስ መሐል ያለ ደን ይቀልባል። የሃይሊ ጉቢ አመድ ሕንድ ደረሰ ሲባል የገረመን ሰዎች ይህን ብንሰማ ምን ልንል ነው።

ከተዋደድን ዘንድ ጉድለቱንም ልናገር። ይህ አፈር ስስታም ነው፤ ፎስፈረስ ሲያገኝ አይለቅም። አፈሩን ፎስፌት ባለበት ውሃ ስትነክሩት ከ85 ከመቶ በላይ የሚሆነውን ጠልፎ ያስቀራል፤ ይህም ራሱ ከመለያዎቹ አንዱ ነው። ገበሬው በብድር የገዛውን ማዳበሪያ ሲበትንበት ሰብሉ ሳይቀምሰው አፈሩ ይውጠዋል። ጃፓኖች ያን የመሰለ ጥቁር አፈር ይዘው ለዘመናት ምርቱ እምቢ ይላቸው ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፎስፌት በገፍ መጨመር ሲጀምሩ ነው ምርቱ የተለወጠው። ደን ግን ይህ ችግር ብዙም አይነካውም። ቅጠሉ ይረግፋል፣ እላዩ ላይ ይበሰብሳል፣ የዛፉ ሥርና ከሥሩ ጋር የሚኖረው ፈንገስ ፎስፈረሱ ማዕድኑ ዘንድ ሳይደርስ ቀልበው መልሰው ይወስዱታል። ጫካውን አንሥቶ ገብስ የሚዘራ ሰው ያቺን ዑደት ነው የሚበጥሳት።

ቀለሙም ቢሆን ታሪክ ይናገራል። ጃፓን ውስጥ ከሰል የሚመስለው ድቅድቅ ጥቁር አፈር የሚገኘው በብዛት ሣር በኖረበት ነው፤ ሰው ለዘመናት እያቃጠለ ሣር አድርጎ ባቆየው መሬት ላይ። ደን ሥር የኖረው ወደ ቡናማ ያደላል። ወደ ጎን የሚያስወጣ ወሬ ነውና ልለፈው።

የሚያስፈራኝን ግን አላልፈውም። አሎፌን ውሃ እስካለው ድረስ ነው እሱ። አንዴ በደንብ ከደረቀ፣ ማለትም ጫካው ተነሥቶ ፀሐይና ነፋስ በቀጥታ ካገኙት፣ እነዚያ ደቃቅ ነገሮች ተጣብቀው ጠጣር ቅንጣት ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢዘንብበት፣ ወንዝ ቢጠለፍለት፣ ወደ ነበረበት አይመለስም። መረሬ ደርቆ ተሰንጥቆ በክረምቱ ተመልሶ ያብጣል፤ ይህ አያብጥም። ያ ውሃ ያዘለ አፈር አቧራ ሆኖ ይቦናል፣ ያጎርፋል።

ኢኳዶር ውስጥ ደግሞ የዚህን አፈር ልብስ መቀየር ምን እንደሚያስከፍል በውሃ ቧንቧ ቆጥረውታል። ኩዌንካ የምትባለው ከተማ የምትጠጣው ከከፍተኛው ተራራ አመድ አፈር ላይ የሚመነጨውን ነው። እዚያ ተራራ ላይ የነበረውን ሣር አንሥተው ጥድ መሰል ባዕድ ዛፍ፣ ፓይን፣ ተከሉ። ዛፍ ነዋ፣ ጥሩ ነገር ነዋ! ቡይታርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ፓይን ከተተከለበት ተፋሰስ የሚወጣው ውሃ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። እኔ ዛፍ መትከልን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉድጓድ እቆፍራለሁ። ግን እዚህ አፈር ላይ አስታ ሥር ያለው ሌላ፣ ጓሳ ሥር ያለው ሌላ፣ ፓይን ሥር የሚሆነው ሌላ ነው። የሚተከለውን ከመቁጠር በፊት የሚተከልበትን መንካት ማንን ይጎዳል?

ሰሜን ላይ ይህን አፈር በቅርብ ያጠናው ሃንስ ሁርኒ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተራራው ላይ ኖሮ አፈሩ የት ስንት እንደቀረ ካርታ የሠራ። የሰሜን ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የሃዋዩ በ4 ሚሊዮን ዓመት ያረጀ ከሆነ የሰሜኑ እንዴት እስካሁን ወጣት ሆነ? ብዬ ተጨንቄ ነበር። መልሱ ብርዱ ውስጥ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ራስ ደጀን አናት ላይ የበረዶ ግግር ነበር፤ ውርጩ ተራራውን ጠርጎ ሰባብሮታል። ድንጋዩ ሽማግሌ ይሁን እንጂ ላዩ ላይ ያለው አፈር ከዚያ ወዲህ የመጣ ልጅ ነው። ደግሞም ከ3,000 ሜትር በላይ ቅዝቃዜው ብስባሹ ቶሎ እንዳያልቅ፣ ማዕድኑም ቶሎ እንዳይሰለፍ ይይዘዋል። ወደ ታች፣ ዳገቱ ሁሉ ገብስ የተዘራበት ቦታ ስትደርሱ ልዩነቱን ባለሙያ መሆን ሳያስፈልግ ታያላችሁ፤ ጫካው ጠርዝ ላይ ክንድ የሚያስገባው ጥቁር አፈር፣ እርሻው መሐል ላይ ድንጋዩ ብቅ ብቅ ያለበት ስስ ሽፋን ሆኗል።

አስጎብኚ መጻሕፍት ስለ ጭላዳ ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። ጭላዳ በበጋ ሣሩ ሲደርቅበት ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል? ቁጭ ብሎ በጣቶቹ መሬቱን እየፈለፈለ ሥር ያወጣል። በጣቶቹ! ቀኑን ሙሉ! መረሬ ላይ ይሞክረውና እናያለን።

ባሌ ደግሞ አለ። ስለ ሳነቴ አምባ ሰዎች ሲያወሩ የሚያነሡት ቀይ ቀበሮን ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ግዙፉ ፍልፈል የሚኖረው መሬቱን እየናደ ነው፤ መሬቱ የሚናደውም እሳተ ገሞራ የተወው ቀላል ጥቁር አፈር ስለሆነ ነው። ይህ ሰንሰለት እኛም ድረስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በሚባል ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አሳየ፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ቀደምት የከፍተኛ ተራራ ሰፈሮች አንዱ። ምን ይበሉ ነበር? ግዙፉን ፍልፈል፣ ጠብሰው። በምን ይቆርጡት ነበር? ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ባመጡት ባልጩት። ባልጩት ማለት ደግሞ ሳይሰለፍ በጥድፊያ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው፤ ያው የአመዱ ቁስ፣ ሳይደቅቅ ድንጋይ ሆኖ የቀረው!

ወዳጄ ቀሪዎቹን ማጣሪያ ወረቀቶች በፖስታ ሰጥታኛለች፤ ገና ነጭ ናቸው። ፈቃድ ይዞ ወደ ሳነቴ የሚሄድ የአፈር ተማሪ የምታውቁ ካላችሁ አገናኙኝ፤ ቡናውም ትራንስፖርቱም በእኔ ነው።